ኢቭ ስንት ቁጥር ናት?

ዱባይ፣ ዴራ ውስጥ በአንድ መካከለኛ ሆቴል ሪሴፕሽን እሠራ በነበረበት ጊዜ የሆነ ነገር ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የጎራክፑሯ ልጅ ከሰባተኛ ፎቅ ወርዳ መጣች። ክፍል ከሚያጸዱት ልጆች አንዷ ናት። ዝምተኛ ናት፤ ካልጠየቋት አትናገርም። ስሟን አልጽፍም። ደግሞም እዚያ ቤት ብዙዎቻችን የምንጠራራው በመጣንበት ከተማ ነበር። የፓትናው፣ የጃይፑሩ፣ የጎራክፑሯ፤ ሁሉም የህንድ ከተሞች ናቸው። እኔ «አዲስ» ነበርኩ።

ፊቷ ልክ አልነበረም። ሱፐርቫይዘራችን አጠገቤ ቆሞ የቀኑን ሒሳብ ያያል።

«ሰር፣ ኢቭ ቲዚንግ» አለችው።

ሰውዬው ቀና አለ። «ኢቭ ማን?» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና የእንግዶቹን ስም ዝርዝር ወደ ታች መሄድ ጀመረ። «ኢቭ ስንት ቁጥር ናት?»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ እሱን አየሁት። ኢቭ የምትባል እንግዳ የለችንም። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ሌላ መንገድ ሞከረች። «ሰር፣ ገስት ሂት ሚ» አለች።

«ሂት ሚ» ማለት እንግዲህ መታኝ ማለት ነው። እንግዳ ሠራተኛ መታ ከተባለ ደግሞ ጨዋታ የለም። ጥበቃ ተጠራ። ካሜራ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኔም አብሬ አየሁ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ በሩን ተደግፎ ይስቃል። የጽዳት ጋሪዋን በአንድ እግሩ ይዞታል። ሶፍት ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ሰጣት። መለሰችለት። አጣጥፎ ከንጹሕ ፎጣዎቹ መሀል ሸጎጠው። እሷ ጋሪውን ስትገፋ እግሩን አላነሳም። በመጨረሻ አነሳ። ያ ነው። እጁ አልነካትም።

ሱፐርቫይዘሩ እፎይ አለ። ከዚያ ሳቀ። «አልመታሽም እኮ!» ጥበቃዎቹም ሳቁ። ነገሩ በሳቅ ተዘጋ፤ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ።

ማታ የሠራተኛ ባስ ውስጥ ወደ አል ቁሰይስ ማደሪያችን ስንመለስ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ «ዲዲ፣ ምን ማለት ነበረብኝ?» አለችኝ።

ዲዲ በሂንዲ ታላቅ እህት ናት። እትዬ እንደ ማለት፣ ግን ቀለል ያለ። ዲዲ ከተባልክ መልስ መስጠት ግዴታህ ነው።

እኔ የቋንቋ ምሁር አይደለሁም። አዲስ አበባ እያለሁ ሁለት ዓመት የሰፈር ልጆች እንግሊዝኛ አስጠንቻለሁ። ሂንዲዬ ደግሞ የማደሪያ ሂንዲ ነው፤ በልጅነቴ ካየኋቸው የህንድ ፊልሞች የቀረችኝ ጥቂት ላይ አራት ዓመት አብሮ መኖር የጨመረልኝ። ግን ልጅቷ የተሳሳተችው እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እንዲያውም ስህተት ለማለት ይከብደኛል። አንድ ቃል ነው የጎደላት።

ሂንዲ ውስጥ «ማርና» መምታት ነው። (በነገራችን ላይ «መርና» መሞት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንድ ይመስላሉ፤ የውጭ ሰው ሁሉ ይደናገርባቸዋል። በእኛ ፊደል ግን መ እና ማ ቁልጭ ብለው ይለያያሉ። እኔ ሂንዲ በግዕዝ ፊደል ደብተሬ ላይ ስጽፍ ይስቁብኝ ነበር፤ በዚህች በዚህች ግን እበልጣቸዋለሁ።) ታዲያ ሂንዲ ያልመታው ነገር የለም። መጥቀስ «ዓይን መምታት» ነው። ማፏጨት «ፉጨት መምታት» ነው። ወሬ መጠረቅም ይመታል። ዞር ዞር ብሎ መምጣትም ይመታል። ሚስኮል ሳይቀር ይመታል፤ «ሚስድ ኮል ማር» ይሉሃል፣ ሚስኮል አድርግልኝ ለማለት። እኛስ ብንሆን? ክራር እንመታለን። ከበሮ እንመታለን። ምች ይመታናል። ፀሐይ መታኝ ያለን ሰው ፖሊስ ጋ ሂድ አንለውም።

እና አንድ ወንድ አንዲት ሴት ላይ ዓይኑን ጥሎ ሲለፈልፍባት፣ ሂንዲው «ላይን ማርና» ይለዋል። መስመር መምታት። ላይን የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ ሂንዲው ግን የራሱ አድርጓታል። የጎራክፑሯ ልጅ በዚያች ሰከንድ በጭንቅላቷ ይህን ይዛ ወደ እንግሊዝኛ ልትሻገር ሞከረች። መስመሩ መንገድ ላይ ወደቀ። እጇ ላይ የቀረው «ሂት» ብቻ ነበር።

«አንድ ቃል ነው የጎደለሽ» አልኳት። «ኦን። ሂት ኦን ሚ።»

«ኦን? በቃ?»

በቃ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ካንቲን ውስጥ ነገሩን ለሌሎቹም ነገረቻቸው። የፓትናው የወጥ ቤት ረዳት ነው። የጃይፑሩ ሻንጣ ይሸከማል። ሁለቱም እንግሊዝኛቸውን ማሻሻል ይፈልጋሉ፤ አስተማሪ የሚከፍሉት ግን የላቸውም። እንዲህ ሆኖ ነው ክፍል የከፈትነው። ወንበር አራት፣ ሻይ አራት።

የፓትናው ልጅ ቀልጣፋ ነው። ሶፍት ላይ አንድ የሂንዲ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። «ኡስ ፐር ላይን ማር ረሃ ሄ።» እሷ ላይ መስመር እየመታ ነው። ከዚያ በስክሪብቶው «ፐር» የምትለዋን ከበባት። ፐር ማለት ላይ ማለት ናት። ኦን!

ዝም ብለን ሶፍቱን አየነው። ለካ እንግሊዝኛውና ሂንዲው አንድ አጥንት ነው ያላቸው። መምታት አለ፣ ላይ አለ። ከሂንዲው መስመሩን ብታወጣ የሚቀርህ ሂት ኦን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦንን የረሳ የለም። መዝገበ ቃላት ይህን አይነግርህም። «ማሽኮርመም» ብሎ ይጽፍልህና ያልፋል።

ሦስቱም ግን «ፍለርት» የሚለውን ቃል ያውቁታል። ሂንዲ ከተማ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የጃይፑሩ ልጅ ጠየቀኝ። «ታዲያ ፍለርት አደረገ ብትልስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛ ፍለርትን የሚያስኬደው ከ«ዊዝ» ጋር ነው። ዊዝ ጋር ነው። ጨዋታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይጫወተዋል። ሂትን ደግሞ ከኦን ጋር። ኦን ላይ ነው። አንዱ ያደርጋል፣ ሌላው ላይ ይደረግበታል። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የነበረው ሰውዬ ከማንም ጋር አልነበረም። እሷ ጋሪዋን ልትገፋ ነበር የፈለገችው።

ለእናንተ ለአማርኛ አንባቢዎች ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ቋንቋችን ሥራውን ሁሉ «ብኝ» በምትል ጭራ ይጨርሰዋል። ፈረደልኝ፣ ፈረደብኝ። ከእኔ ጋር ተጫወተ፣ ተጫወተብኝ። የእንግሊዝኛዋ ኦን እዚህ ቦታ ላይ የእኛዋ «ብኝ» ናት። ይህን ለእነሱ ላስረዳ ሞክሬ ግን አልተሳካልኝም። አማርኛዬን ሰምተው «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚሰማው» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ማስጠንቀቅ ነበረብኝ፤ አስጠነቀቅኩ። ሂት ኦን ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ቡና ቤት ተቀምጠህ ጓደኛህ በክርኑ ጎሸም አድርጎህ «ያቺ ልጅ እኮ ሂት ኦን እያደረገችህ ነው» ቢልህ የምሥራች ነው። ደግሞ አሜሪካዊ ቃል ነው። እንግሊዞቹ እንግዶቻችን «ቻት አፕ» ነው የሚሉት። ክብደቱን የሚወስነው ማን ለማን፣ የት የሚለው ነው። ፎጣ የሚቀየርለት ሰው ፎጣ በምትቀይርለት ልጅ ላይ ሲሆን ይከብዳል። ተቆጥታ በሩን ዘግታበት መሄድ አትችልም። በሩ የእሱ ነው።

የጃይፑሩ ልጅ ደግሞ የራሱ ታሪክ ነበረው። አንድ አሜሪካዊ እንግዳ ሲሰናበተው ካርድ ሰጥቶ «ሂት ሚ አፕ» ብሎታል። ልጁ ሦስት ቀን ካርዱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ዞሯል፤ ለምን ምታኝ እንዳለው ሳይገባው። «ደውልልኝ ነው ያለህ» ስለው ጭንቅላቱን ያዘ። ሰውዬው አገሩ ከገባ ቆይቷል።

ከዚያ መጥበስ መጣ። እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ አሁን ሳስበው ባላመጣሁት። «በእናንተ አገር ምን ይባላል?» አሉኝ። «እኛ ወንዱ ሴቷን ጠበሳት እንላለን» አልኳቸው። «ጠበሳት ምንድን ነው?» መጥበሻ በእጄ አሳየኋቸው። ካንቲኑ በሳቅ ፈረሰ። የፓትናው ወጥ ሠሪ ከመሳቅ አልፎ ሙያዊ ጥያቄ ጠየቀ። «በብዙ ዘይት ነው ወይስ በትንሽ?»

ቀልዱ ግን አንድ ነገር አስተማረን። «እየጠበሳት ነው» ስንል እየሞከረ ነው፤ ያልበሰለ ነገር ነው። «ጠበሳት» ስንል ግን አልቋል፣ የእሱ ሆናለች። ሂንዲ ለዚህ ሌላ ቃል አለው። «ፐታና» ይሉታል፤ ማግባባት፣ እጅ ውስጥ ማስገባት። ላይን የመታ ሁሉ አይፐትም። ሂት ኦን ደግሞ ሙከራ ብቻ ነው። «ሂ ሂት ኦን ሚ» ብትል የሞከረውን ነው የተናገርከው፤ ስለ መልሱ ምንም አላልክም። በዚህ በኩል ለሂት ኦን የሚቀርበው ጠበሳት ሳይሆን ጀነጀናት ነው። ጀንጃኝ አፉ ይለፋል እንጂ እጁ የሚገባ ነገር የለም።

እዚህ ድረስ በሳቅ ነበር የሄድነው። ከዚያ የጃይፑሩ ልጅ አንድ ነገር ተናገረ። ክፉ አስቦ አይመስለኝም። «ላይን ሰጥታው ይሆናላ» አለ በሂንዲ።

በሂንዲ ላይን ይመታል፣ ላይን ይሰጣልም። የመታው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ፈገግ ካለች፣ ከተሽኮረመመች፣ ላይን ሰጠች ይባላል። የጎራክፑሯ ልጅ ሻይዋን አስቀመጠች። ምንም አላለችም። እኔን ግን አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ምክንያቱም ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አውቀዋለሁ። «ፊት ሰጥታው ነው።» ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ምናልባት ብያለሁም። ስለ ጎረቤት ልጅ፣ ስለ ሥራ ባልደረባ። እነሱ መስመር ሰጠች ይላሉ፣ እኛ ፊት ሰጠች እንላለን። ፊት ደግሞ እንዴት አይሰጥም? የሆቴል ሥራ እኮ ፊት መስጠት ነው። መቅጠሪያው ላይ ተጽፎ ሰጥተውናል፣ ፈገግ በሉ ብለው።

«ደመወዟን የሚከፍሏት ለመሳቅ ነው» አልኩት። ልጁ ደነገጠ። «ዲዲ፣ እንደዚያ ማለቴ አይደለም» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በቦጅፑሪ ለማለት የሞከረውን ይቅርታ አላት። ቤቷ የምትናገረው ቦጅፑሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የህንድ ቆጠራ ሂንዲ አፍ መፍቻዬ ነው ካለው 528 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ውስጥ ቦጅፑሪ ተናጋሪዎችም ተቆጥረዋል። እሷ ግን ሂንዲን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት ትላለች። እንግሊዝኛ ሦስተኛዋ ነው። ያን ማታ በሦስተኛ ቋንቋዋ ነበር ሱፐርቫይዘሩ ፊት የቆመችው። የጃይፑሩ ልጅ ቦጅፑሪ ግን በጣም መጥፎ ስለነበር ሳቀች። ያን ቀን መጀመሪያ የሳቀችው በዚህ ነው።

ስለ ኢቭም ጠየቅኳት። ኢቭ ሔዋን ናት። «ኢቭ ቲዚንግ» የህንዶች እንግሊዝኛ ነው፤ ጋዜጣቸው ላይ ለዓመታት ሲጻፍ የኖረ። ቃል በቃል ሔዋንን ማናደድ፣ ሔዋን ላይ መቀለድ። መንገድ ላይ ሴት መልከፍ ማለት ነው። ተለካፊዋ ሔዋን ከሆነች ለካፊው ማነው? እሱም ስም አለው። «የመንገድ ዳር ሮሚዮ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኡተር ፕራዴሽ ውስጥ፣ ማለትም በልጅቷ ክልል፣ ፖሊስ «አንቲ ሮሚዮ» የሚባሉ ቡድኖች አሰማርቶ ነበር። ያን ዓመት የክልሉ ዋና ሚኒስትር የሆኑት ዮጊ አዲትያናት ጎራክፑርን ወክለው ለብዙ ዓመታት ፓርላማ የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ በከተማዋ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። ቡድኖቹ ለካፊ ሊይዙ ወጥተው ተፋቅረው የሚሄዱ ጥንዶችን እያስቆሙ ነው ተብለውም ተወቅሰዋል። «ወንድሜ እንኳ አብሮኝ መሄድ ፈርቶ ነበር» አለችኝ።

እኔን የገረመኝ ስያሜው ነው። አንዷ ሔዋን፣ አንዱ ሮሚዮ። ቲያትር ይመስላል እንጂ ጥፋት አይመስልም። በዚህ አማርኛችን ይሻላል፣ እውነቱን ለመናገር። ለከፋ እና ልክፍት አንድ ግንድ ናቸው። ክፉ መንፈስ የነካው ሰው ተለከፈ ይባላል። ቃሉን የፈጠሩት ሰዎች ነገሩን ፍቅር ብለው አልተሳሳቱም። ሕግ ደግሞ በሁለቱም አገር እንደዚህ አያጌጥም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2013 የወንጀል ሕጓን ስታሻሽል ወሲባዊ ትንኮሳንና ሴትን መከታተልን በስማቸው ጠርታ አስገብታለች። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳ ይላል፣ ጥርት አድርጎ።

ታዲያ ሴቶቹ እንዴት ነው የሚከላከሉት ብያት ነበር። በቃላት ነው። «በይያ» ይላሉ። ታላቅ ወንድም። ላይን ሊመታ የመጣውን ሰው «አቤት በይያ» ስትለው መስመሩ ይበጠሳል። የኮሌጅ ልጆች ይብሳሉ። በራክሻ በንደን በዓል እህት የወንድሟን እጅ በክር ታስራለች፤ እና የማይፈልጉት ወንድ ሲያስቸግራቸው ክሩን ይዘው ይመጡበታል። አንዴ ከታሰረ ወንድም ሆነ። ወንዶቹ በዚያ ቀን ክፍል አይገቡም ብላ ሳቀች። እኔም «ወንድሜ» የምትለዋን ቃል ነገርኳት። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ስንቴ አትርፋኛለች! «ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው።» እዚህ ላይ ሂንዲና አማርኛ ተቃቅፈው ይስማማሉ። እንግሊዝኛ ግን ድሃ ነው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ሰውዬ «ብራዘር» ብትለው ይበልጥ ይቀርባታል።

ስለዚህ እንግሊዝኛ የሰጠንን መያዝ ነበረብን። አንድ ዓረፍተ ነገር መረጥን። ሱፐርቫይዘሩ ፊት ቆማ የምትለው፤ ሲያንስ ቀልድ፣ ሲበዛ ድብደባ የማይሆን። «ዘ ገስት ሂት ኦን ሚ» የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ «ኤንድ ሂ ዲድ ኖት ስቶፕ።» አላቆመም። ሂት ኦን ብቻውን የቡና ቤት ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ሁለተኛው ግማሽ ነው ከካሜራው ላይ ያየነውን እግር የሚናገረው። እሷ «ሂትድ» እያለች ታስቸግር ነበር፤ ሂት ትናንትም ሂት ዛሬም ሂት ነው። ሁለቱን ቃላት ገጥማ «ሂቶን» ብላ እስክትል ድረስ ከጋሪዋ ጋር እያወራች ኮሪደሩን ስንት ጊዜ ተመላልሳለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተጠቀመችበት። ሌላ እንግዳ፣ ሌላ ፎቅ። መጥታ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ሁለቱንም ግማሽ ተናገረች። ሱፐርቫይዘሩ አልሳቀም። መዝገቡን አወጣና «ስንት ቁጥር ክፍል?» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ፎቅ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩ አደረገ።

በካንቲናችን ግን የተወደደው ሂት ኦን አልሆነም። ጥብስ ነው። ሦስቱም ተያያዙት። «ያ ልጅ ጥብስ ነው የሚሠራው» ይባባላሉ። የጃይፑሩ ራሱ አዲስ የመጣችውን ልጅ ሻንጣ በነፃ ሲሸከም «በይያ፣ ጥብስ?» እያሉ ፀጉሩን ያስነጩት ነበር። ዴራ የሐበሻ ምግብ ቤት ወስጃቸው እውነተኛውን ጥብስ በሸክላ እየጨሰ ሲመጣ ሲያዩ አስተናጋጇ ምን እንዳሳቃቸው አልገባትም።

ሆቴሉን ከመልቀቄ በፊት ከነበሩት የመጨረሻ ሳምንታት በአንዱ፣ ማታ የሪሴፕሽኑ ስልክ ጮኸ። ከሰባተኛ ፎቅ ነው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው አጠገቧ እንዳለ ያስታውቃል።

«ዲዲ፣ ጥብስ» አለችኝ። «ሰባት መቶ አሥራ ሁለት።»

ጥበቃውን ቶሎ ውጣ አልኩት። ሱፐርቫይዘሩ ከአጠገቤ ሆኖ ሰምቷል። ሜኑውን ከመደርደሪያው ላይ አንሥቶ ማገላበጥ ጀመረ።